የጥር ክረምት

«ካባውንስ ይዛችሁታል?» አለች ማንተግቦሽ።

ከስልኩ ማዶ ቶሎ መልስ አልመጣም። የመጣው የዝናብ ድምፅ ነው፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ፣ ፋታ የማያውቅ ዝናብ። ማንተግቦሽ ስልኩን ከአንዱ ጆሮዋ ወደ ሌላው አዛወረችው። ሜልቦርን ውስጥ፣ ኮሊንግዉድ ካሉት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ ላይ ባለው ቤቷ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ፣ መጋረጃው ወርዶ፣ ገና በረፋዱ ሙቀቱ ግድግዳውን አልፎ ገብቷል። ከሰዓት በኋላ አርባ ሁለት ዲግሪ እንደሚደርስ ቴሌቪዥኑ ሲናገር ነው ያረፈደው።

«እማ፣ ሌሊት እኮ ነው የወጣነው» አለች እየሩ በመጨረሻ። «ኢቫክዌት አድርጉ፣ ቤቱን ልቀቁ ብለው በር ሲያንኳኩ ውሃና መድኃኒት ብቻ ይዘን ተነሣን። ካባው እቤት ነው። ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አድርጌዋለሁ፤ ውሃ አይደርስበትም።»

«ጥለሽው መጣሽ?»

«እማ፣ ቤቱ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ነው። አሁን ተራራው ላይ ነን፣ የከነዓን ጓደኛ ቤት። ሴፍ ነን። እሱን ልነግርሽ ነው የደወልኩት።»

እዚህ ላይ «ተመስገን» ማለት ነበረባት። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ድረስ መጥቶም ነበር። ግን ለእየሩና ለከነዓን ሰርግ ስትለፋ የከረመችበት ድካም፣ የተሰረዘው አውሮፕላን፣ በሩ ሥር የተገተሩት ሻንጣዎች፣ ሁሉም ተጋፍተው ሌላውን ቃል አስቀደሙት።

«እኔ በረሃ ለበረሃ ተሸክሜ ያመጣሁትን ካባ፣ አንቺ ዝናብ ፈርተሽ ጥለሽው ወጣሽ?»

 ከዚያ እየሩ «እሺ፣ እማ» አለች፤ ስልኩም ተዘጋ።

ሱምያ በሩ አጠገብ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ሱምያ የዚያው ፎቅ ጎረቤት ናት፤ አዛውንቶች በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፤ ከእየሩ ጋር ልጅነታቸውን በአንድ ኮሪደር ሲሯሯጡ ነው ያሳለፉት። የመጣችው ማንተግቦሽና ባሏ ሰርጉ ደርሰው እስኪመለሱ የቤቱን ቁልፍ ልትቀበል ነበር። አሁን ቁልፉን የሚሰጣት የለም፤ እሷም የሰማችውን እንዳልሰማች ሆና ወደ ኩሽና ገብታ ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች።

ጌታቸው ግን አልሰማም። የማንተግቦሽ ባል ጌታቸው ዲር ፓርክ ካለው መጋዘን ጉልበቱ እምቢ ብሎት በጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚቻኮልበት ነገር ጠፍቶት ነበር፤ ዛሬ ግን የሰርጉን ከረባት አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በረዶ ሊገዛ ምድር ቤት ወርዷል። ሲመለስ «እየሩ ደወለች እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

«ደውላለች። ደኅና ናቸው፤ ተራራ ላይ ወጥተዋል» አለች ማንተግቦሽ።

«ተመስገን!» አለ ጌታቸው፤ በረዶውን እንደያዘ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሣ። የእሷን ድርሻ ጨምሮ ያመሰገነ መሰላት።

ከነገ ወዲያ እሑድ፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ እየሩና ከነዓን በተክሊል ሊጋቡ ነበር። ቦታው በሰሜን ኩዊንስላንድ፣ እየሩ በነርስነት የምትሠራባት፣ ከነዓንም የሸንኮራ ፋብሪካ መካኒክ የሆነባት ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ ናት። ቀኑን የቆረጠችው ማንተግቦሽ ናት። ቀኑን እንዴት እንደቆረጠችው ለማወቅ ዓምና ሐምሌ ላይ ልጇን ልትጠይቅ ወደዚያ የሄደችበትን ጊዜ ማንሣት ያስፈልጋል።

ሐምሌ በማንተግቦሽ ሆድ ውስጥ ጭቃና ብርድ፣ ቀኑን ሙሉ የማይገለጥ ሰማይ ነው። ሜልቦርንም በዚህ አሳፍራት አታውቅም፤ ሐምሌ ሲገባ ካፖርት ደርባ ትራም እየጠበቀች «ይኸው ክረምት» ትላለች፤ ልክም ናት። ባሕሩ ዳር ስትደርስ ግን ሰማዩ ተጠርጎ ያደረ ይመስል ጥርት ብሎ ጠበቃት። ነፋሱ ለስላሳ ነው፤ ባሕሩ የሰላ ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል፤ የሸንኮራው ማሳ እስከ ተራራው ሥር ደርቆ ይንኮሻኮሻል። አዞ አለ የሚል ሰሌዳ ቆሞ ስታይ እንኳ አዞው ፀሐይ ሊሞቅ የመጣ ጎረቤት መስሏት ሳቀች። ጫማዋን አውልቃ አሸዋው ላይ እየሄደች፣ ክረምቱ እንዲህ ከሆነ በጋውማ እንዴት ሊሆን ነው ብላ ተደነቀች።

ያን ዕለት ምሽት እየሩ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነገረቻት። «እማ፣ እዚህ እንደ ሜልቦርን በአንድ ቀን አራት ወቅት የለም። እንደ እናንተ አገር ሁለት ብቻ ነው፤ ክረምትና በጋ።»

ማንተግቦሽ ደስ አላት። ስንት ዓመት ሙሉ ጠዋት አቃጥሎ ከሰዓት የሚያንቀጠቅጥ፣ ቃል የሌለው ሰማይ ሥር ኖራ፣ በዚህ ሰፊ አገር አንድ ጥግ ላይ የሚታመን ሰማይ መኖሩን ሰማች። ከዚያ በኋላ የመጣውን ግን ልብ ብላ አልሰማችውም። እየሩ ቀጥላ፣ የእነሱ ክረምት ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት መሆኑን፣ ነፋሱ ዞሮ ከባሕር እንደሚነፍስ፣ ወንዞቹ ቀይ ሆነው መንገድ እንደሚበሉ፣ አንዳንድ ዓመትም አውሎ ነፋስ እንደሚመጣ አስረዳች። ስለዚህ ሰርጉ ሐምሌ ላይ ቢሆን ጥሩ ነው አለች።

ለማንተግቦሽ ይህ ሁሉ ሰበብ ነው። እየሩ ቀደም ሲል ትምህርት አለብኝ ብላ፣ ቀጥሎ ሥራ ልያዝ ብላ፣ ሰርጉን ገፍታ ገፍታ አሁን ደግሞ ዓመቱን ራሱን ገልብጣ ልታመልጥ ነው። «ጥር ክረምት ነው ትይኛለሽ? ደግሞ ፋሲካን ጳጉሜን ላይ ነው በይኝ» አለቻት። የንስሐ አባታቸው ቄስ ወንድሙ በስልክ ተጠይቀው «ቤተ ክርስቲያን የሐምሌን ሰርግ አልከለከለችም፣ ከፍልሰታ በፊት ይቻላል» ሲሉ እንኳ አልተረታችም። «ቤተ ክርስቲያን ባትከለክል ሰማይ ይከለክላል፣ አባ። በክረምት የተዳረች ሙሽራ አይቼ አላውቅም» ብላ መለሰች። ቄሱም ሳቁ።

በመጨረሻ እናትና ልጅ ተደራደሩ። «ቦታው የአንቺ፣ ወሩ የእኔ» አለች ማንተግቦሽ። አባቷ ለሽምግልና ተቀምጠው ነገር ሲቋጩ የሚሏትን ተረትም ጨመረችበት፤ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ»። እየሩ ስቃ እናቷን አቀፈቻት። ቃሏን ሰጠች፤ ቃሏንም ጠበቀች። ታኅሣሥ ሲገባ በየስልኩ «ጫማዬ ሻገተ»፣ «ሰማዩ አብጦ አብጦ አይፈርጥም»፣ «መታጠቢያ ቤት እንቁራሪት ገባ» ስትል ማንተግቦሽ ሰርግ ሲቃረብ ሙሽራ የማይጨንቃት የለም እያለች አለፈችው።

ካባው ደግሞ የራሷ ነበር። ጥቁር ከፋይ፣ ዳር ዳሩ በወርቀ ዘቦ የተጠለፈ፣ ጎንደር ላይ ጌታቸውን ስታገባ የለበሰችው። አገር ጥለው ሲወጡ ድስቱም ምንጣፉም ቀርቶ እሱ መጣ። በገዳሪፍ መጠለያ ትራስ አድርጋ ተኝታበታለች፤ ካርቱም ላይ ሊገዙት የመጡትን አባርራለች። እዚህ ከመጣችም በኋላ ሌሊት በከተማው መሃል ቢሮ ስታጸዳ አድራ ጠዋት ስትመለስ አንዳንዴ አውጥታ ታናፍሰዋለች። ታኅሣሥ ላይ በላስቲክ ጠቅልላ፣ በላስቲኩ ላይ ሌላ ላስቲክ ደርባ፣ አፉን በፕላስተር አሽጋ፣ ሜልቦርን መጥቶ ለነበረው ለከነዓን በእጁ ሰጥታ ላከችው። በፖስታ አላመነችም።

ቀትር ላይ የሰሜኑ ነፋስ ፎቁን መደብደብ ጀመረ። ከሩቅ የሚነድ ጫካ ጢስ ሰማዩን ቡናማ አድርጎታል። ጌታቸው ሶፋው ላይ ተቀምጦ ለሰርገኛው ሁሉ እየደወለ «በረራው ካንስል ሆኗል፤ እናንተም ታሪፉን አስመልሱ» ይላል። ማንተግቦሽ ድምፁን ያጠፋችውን ቴሌቪዥን ታያለች። በካርታው ላይ ነጩ ደመና እንደ እንዝርት እየሾረ ወደ ዳርቻው ይቀርባል። እዚህ አገር አውሎ ነፋስ ሲነሣ ክርስትና ያነሡት ይመስል ስም ያወጡለታል፤ ለዚህኛው የሴት ስም ሰጥተውታል። እሷ ስሙን አልጠራችውም፤ «ያ ነገር» ነው የምትለው።

ለእየሩ ደወለች። አይነሣም። ደግማ ደወለች፤ አሁን ጭራሽ አይጠራም። ኔትወርኩ ይሆናል አለች ለራሷ። ግን ጠዋት የሰማችው «እሺ፣ እማ» ጆሮዋ ውስጥ አልጠፋ አላት። እየሩ በልጅነቷ ሱቅ ስትላክ የምትለው «እሺ» ነበር፤ ነጠላ ጫማዋን እያጠለቀች፣ ሳትጨቃጨቅ፣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ የምትሄድበት።

የጌታቸው ስልክ ጮኸ። ከነዓን ነው። ጌታቸው ሁሉም እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ጋሼ፣ እየሩ ደውላላችኋለች?»

«ጠዋት ለእናቷ ደውላለች። ምነው፣ ካንተ ጋር አይደለችም እንዴ?»

«እኔ የጎረቤቱን ጣሪያ ሳሥር ነው መኪናውን ይዛ የወጣችው። ኔትወርክ ያለበት ልሂድ፣ እማን ላውራ ብላኝ ነበር፤ አልተመለሰችም። እዚህ ላይኛው ከተማ ሆስፒታል አለ፤ በሽተኞቹን ከታች ሲያመጡ ልርዳ ስትል ነበር። ወደዚያ ልሄድ ነው። ወደ ባሕሩ የሚወርደውን መንገድ ናዳ ዘግቶታል፣ ስለዚህ ወደ ታች አልሄደችም።»

«ናዳው መቼ ወረደ?» አለች ሱምያ ከኩሽናው በር ላይ።

«አሁን፣ ቅድም። ጠዋትማ ክፍት ነበር።»

 ጌታቸው ስልኩን ወደ ሚስቱ ዘረጋው። «ማንቴ፣ የት እሄዳለሁ አለችሽ?»

ማንተግቦሽ አፏን ከፈተች። የምትለው ሁሉ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ ካባውን ልታመጣ ወርዳለች፣ የላክኋት እኔ ነኝ። ግን በአማቿ ፊት፣ በባሏ ፊት፣ ልጄን ለጨርቅ ላክኋት ማለት እንዴት ይቻላል? ደግሞስ ባትሄድስ? ምናልባት ከነዓን እንዳለው በሽተኛ እየደገፈች ይሆናል። ያልሆነውን ተናግራ ለምን ራሷን ታዋርዳለች? በዚያ ላይ፣ ዝም ካለች ነገሩ ያልሆነ ይመስላት ነበር።

«ምንም አላለችኝም» አለች። «ፈልጋት፣ ልጄ።»

ከነዓን «እሺ፣ እማማ» ብሎ ዘጋው።

ሱምያ አየቻት። ክፉ አስተያየት አልነበረም። ሱምያ ታላቅን በአደባባይ የምታጋልጥ ልጅ አይደለችም፤ ማንተግቦሽ ያሳደገቻት ያህል ናት። ግን ዓይኗን ከማንተግቦሽ ላይ አልነቀለችም። ማንተግቦሽ መጋረጃውን ገልጣ ወደ ታች ተመለከተች። ትራሙ በሙቀቱ ውስጥ እየተንፏቀቀ ያልፋል፤ ሰው የለም፤ ሣሩ ነጭ ሆኗል። በዚህች ሰዓት እዚያ ላይ ውሃ ይወርዳል። በአንድ ፀሐይ ሥር፣ በአንድ ጥር ወር።

ነገሩ ያን ጊዜ ገባት። እየሩ አንድም አልዋሸችም። ሁለት ወቅት ነው አለች፤ ሁለት ነው። እንደ አገራችን ነው አለች፤ እንደ አገራችን ነው። ክረምቱ ብቻ በጥር ነው። ማንተግቦሽ ክረምትን ታውቃለች። ደረቅ የነበረ ወንዝ አመሻሽ ላይ እንዴት እንደሚነሣ፣ ሙላት የወሰደው ሰው በስንተኛው መንደር እንደሚገኝ፣ እናቶች በሐምሌ ልጆቻቸውን ወንዝ ማዶ እንደማይልኩ ማንም አይነግራትም። ልጇን በክረምት ወንዝ ማዶ ላከቻት። ያቺ አባቷ የሚወዷት ተረት ሳትጠራት መጣች፤ «የተናገሩት ከሚጠፋ» አለች በልቧ፤ ቀሪውን ግን ማሰብም አልደፈረችም። 

«እትዬ ማንተግቦሽ» አለች ሱምያ በዝግታ፤ «እኔ ቤቴ ልግባ? ከጋሼ ጋር የምትነጋገሩት ካለ...»

ያ ትሕትና ከስድብ በላይ ወጋት።

«ተቀመጪ፣ ልጄ። አንቺ ሰምተሻል» አለች። ወደ ባሏ ዞረች። «ጌታቸው፣ ታች ወርዳለች። ካባውን ልታመጣ። ጠዋት እኔ ተናግሬያት ነው።»

ጌታቸው መጀመሪያ አልገባውም። «የምን ካባ?»

«ዝናብ ፈርተሽ ጣልሽው ወይ አልኳት። እሺ አለችኝ።»

ይጮኻል ብላ ጠበቀች፤ ቢጮኽ በወደደች። ጌታቸው ግን ቀኑን ሙሉ አንገቱ ላይ የዋለውን ከረባት ቀስ ብሎ ፈታው፤ አጠፈውና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ስልኩን አንሥቶ በእጇ አስያዛት።

«አንቺው ንገሪው» አለ።

የከነዓን ስልክ ጠራ፤ ተቋረጠ። ጠራ፤ ተቋረጠ። እያንዳንዱ ሲቋረጥ ማንተግቦሽ አንድ ደረጃ የወረደች ያህል ይሰማት ነበር። ሱምያ አጠገቧ መጥታ ትከሻዋን ያዘቻት። በመጨረሻ ነፋስ የሚበጣጥሰው ድምፅ መጣ።

«እማማ! ሆስፒታል የለችም! ማንም አላያትም!»

«ከነዓን፣ ስማኝ፣ ልጄ። ወደ ታች ነው የሄደችው። ወደ ቤታችሁ። ካባውን ብዬ የላክኋት እኔ ነኝ። ቅድም ስትጠይቀኝ አውቄ ደበቅሁህ።»

 ማንተግቦሽ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች።

«ከናዳው በፊት ወርዳ ከሆነ መንገዱን በሚያቋርጡት በሁለቱ ወንዞች መካከል ናት» አለ ከነዓን። ድምፁ የተቆጣ አልነበረም፤ የሚያሰላ ሰው ድምፅ ነበር፤ ያ ይበልጥ አስፈራት። «ለአደጋ ሠራተኞቹ ልንገራቸው። ታች ጀልባ አላቸው። ግን ከመሸ አይወጡም፤ ነፋሱ ሲብስ ማንንም አይልኩም። እኔ ስፈልጋት የቆየሁት እዚህ ተራራው ላይ ነው፣ እማማ። እዚህ ላይ።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ልዝጋው» አለ፤ ዘጋው።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነበር። ጌታቸው መስቀሉን በእጁ ጨብጦ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ሱምያ ስልኳ ላይ ካርታውን እየከፈተች ትዘጋለች፤ አንድ ጊዜ «ገና ባሕር ላይ ነው፣ አልደረሰም» አለች። ስለ ሰርጉ ያነሣ የለም። ማንተግቦሽ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ጀርባዋን ለሻንጣው ሰጠች። ልጸልይ ብላ ጀመረችና የምትለው ጠፋት፤ የመጣላት ካባው ነው። ገዳሪፍ ላይ አንዲት ሴት የታመመ ልጇን ልትሸፍንበት ለምናት ነበር። አውሳታለች፤ አዎ፣ አውሳታለች። ማግስቱን ግን ልጁ ገና እያተኮሰው ሄዳ አምጪ ብላ ወሰደችው። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለምን ዛሬ ትዝ እንዳላት ታውቀዋለች።

በሰሜን ቶሎ ይመሻል። እዚህ ፀሐይ ገና የፎቁን መስኮቶች ስታቃጥል እዚያ ጨለማው ሊገባ እንደሆነ ማንተግቦሽ ታስባለች። ጨርሶ ከመሸ ጀልባው አይወጣም። የምትጠላትን የሜልቦርን ፀሐይ ዛሬ አትጥለቂ ብላ ለመነቻት፤ የዚህችኛዋ መቆየት ለዚያ ምን እንደሚጠቅም ግን አታውቅም።

ድንገት የሰሜኑ ነፋስ ጸጥ አለ። አየሩ ለትንሽ ጊዜ የቆመ መሰለ። ከዚያ ከደቡብ በኩል ቀዝቃዛው ነፋስ መጥቶ ፎቁን መታው፤ የሆነ ሰው በር በሩቅ ተላተመ፤ ኮሪደሩ ውስጥ ልጆች ቅዝቃዜው መጣ ለማለት «ኩል ቼንጅ! ኩል ቼንጅ!» እያሉ ሮጡ። ሱምያ መስኮቱን ከፈተችው። ቀኑን ሙሉ የተቃጠለው ቤት ተነፈሰ። ሌላ ቀን ቢሆን ማንተግቦሽ «ይኸው፣ ቃል የለሽ ሰማይ» ብላ ትስቅ ነበር።

ስልኩ ጮኸ። የማይታወቅ ቁጥር ነው። ጌታቸው እጁን ዘርግቶ ተወው፤ ወደ እሷ ገፋ አደረገላት።

«ሄሎ» አለች።

ዝናብ። ከጠዋቱ የበረታ፣ ከበስተጀርባው የሚያፏጭ ነገር ያለበት ዝናብ። 

«እማ?»

 ጌታቸው ፊቷን አይቶ ሶፋው ላይ ተቀመጠ።

«እማ፣ ትሰሚኛለሽ? አይም ኦኬ። የሰው ስልክ ነው፣ ቶሎ ልጨርስ።»

«አለሁ። አለሁ፣ የእኔ ልጅ። ተጎዳሽ?»

«አልተጎዳሁም። ካባውን ይዤ ስመለስ ወንዙ ከፊቴም ከኋላዬም ሞላ። መኪናው ጣሪያ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። እዚያ መሆኔን ማንም አያውቅም ነበር፣ እማ። ከዚያ ጀልባ መጣ። ከነዓን ነው የላካቸው፤ አንቺ ነግረሽው።» ድምፁ ተቆራረጠ፤ ተመለሰ። «አሁን አሮጌ ሆቴል ፎቅ ላይ ነን። ብዙ ሰው አለ። ሌሊቱን እዚሁ ነው፤ ዋናው ነፋስ ገና አልደረሰም።»

«ሕንፃው ይችላል?»

«ይችላል ይላሉ።» ከዚያ ቀጠለች። «እማ፣ ካባው...»

«ተዪው! ገደል ይግባ! ስለ እሱ እንዳታነሺብኝ!»

«ለብሼዋለሁ» አለች እየሩ። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አይለይም። «የለበስኩት ሁሉ ረጥቦ ይንጠባጠብ ነበር። ደረቅ የተረፈው እሱ ብቻ ነው። ያ ላስቲክሽ፣ ያ ሁሉ ፕላስተር... በጥርሴ ነው የከፈትኩት። ሰው ሁሉ ንግሥት መጣች ይለኛል።»

ማንተግቦሽ በሐሳቧ አየቻት። ሚዜ በሌለበት፣ እልልታ በሌለበት፣ ከማያውቋት ሰዎች መሃል ባዶ እግሯን ቆማ፣ ጥቁሩን ከፋይ በእርጥብ ትከሻዋ ላይ ደርባ። ልትድራት የፈለገችው እንዲህ አልነበረም። ግን ልጇ ሞቋታል፤ ካባው እስከ ዛሬ ከሠራው ሁሉ ይህን ወደደችለት።

«እማ፣ ሰርጉስ?» አለች እየሩ። ጥያቄው እንደ ትንሽ ልጅ ጥያቄ ነበር፤ አሁንም በእናቷ ቃል የተያዘ።

«ሐምሌ» አለች ማንተግቦሽ።

«ምን አልሽ? አይሰማም፣ ነፋሱ...»

«ሐምሌ ይሁን!» ብላ ጮኸች፤ ኮሪደሩ ላይ የሚሯሯጡት ልጆች ጸጥ አሉ። «ሐምሌ በጋ ነው! ትሰሚኛለሽ? ሐምሌ በጋ ነው፣ ልጄ!»

መልስ አልመጣም። ስልኩ ግን አልተዘጋም፤ ወይም የተዘጋ አልመሰላትም። ዝናቡ ይሰማል። እየሩ እየሰማች ይሁን፣ ስልኩን ለባለቤቱ መልሳ ይሁን፣ አታውቅም። ጌታቸው መጥቶ ጆሮውን ከጆሮዋ አጠገብ አደረገ።

ከውጭ የሜልቦርን ዝናብ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ፤ ከተከፈተው መስኮት እየገባ ወለሉን አረጠበው። ማንተግቦሽ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታላቅቅ ተነሣችና መስኮቱን ዘጋችው፤ የዚያኛው ዝናብ እንዲሰማት።